ሁለት ኮር ስዊች እያለ ኔትወርኩ ለምን ይቆማል?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «ባለ አምስት ፎቅ ቢሮ ውስጥ ሁለት የሲስኮ ኮር ስዊቾች (የቢሮው ኔትወርክ ሁሉ የሚገናኝባቸው ዋና ስዊቾች) አሉን። ሁለቱም የየራሳቸው የኢንተርኔት መስመር አላቸው። አራት ቪላን (በአንድ ስዊች ላይ ተለይተው የሚሠሩ ኔትወርኮች) አለን፤ 10 ፋይናንስ፣ 20 ሠራተኛ፣ 30 ካሜራ፣ 40 የእንግዳ ዋይፋይ። ኤችኤስአርፒ (አንዱ ስዊች ሲወድቅ ሌላው እንዲረከብ የሚያደርገውን) አስገብቻለሁ፤ ፕሪኤምፕትም የመጀመሪያው ስዊች ላይ አለ። ግን የመጀመሪያው ስዊች መስመር ሲቋረጥ ሁለተኛው አይረከብም፤ ቢሮው በሙሉ ይቆማል። በዚያ ላይ ሁለተኛው ስዊች ሥራ ፈትቶ ነው የሚውለው። ሥራውን ለሁለቱ ማካፈል አይቻልም ወይ?»

ወንድሜ፣ ይቻላል። መጀመሪያ ግን ያስገባኸው ኮንፊገሬሽን እንዳልተበላሸ ልንገርህ። የታዘዘውን እየሠራ ነው። ስለ ኢንተርኔት መስመርህ ማንም ስላልነገረው ብቻ ነው የማይረከበው።

ኤችኤስአርፒ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ተረኛው አለ ወይ?» ተረኛው ስዊች በየ3 ሰከንዱ «አለሁ» ይላል። ተጠባባቂው ያዳምጣል። ድምፁ ለ10 ሰከንድ ከጠፋ ተራውን ይረከባል። ነባሪው ሰዓት ይኼ ነው። ይህ ሁሉ ንግግር የሚካሄደው ደግሞ በውስጥ በኩል፣ ቪላኑ ውስጥ ነው። የስዊች አንድ አፕሊንክ፣ ማለትም ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው መስመር፣ ቢበጠስ ቪላኑ ምንም አልሆነም። ኮምፒውተሮቹ ወደሚሰኩባቸው አክሰስ ስዊቾች የሚሄዱት ኬብሎች እንደበሩ ናቸው። ስለዚህ ስዊች አንድ «አለሁ» ማለቱን ይቀጥላል። የሠራተኛው ኮምፒውተርም ፓኬቱን ይሰጠዋል። እሱ መውጫ ስለሌለው ይጥለዋል። ጭራሽ ቢጠፋ ይሻል ነበር፤ በ10 ሰከንድ ውስጥ ሌላው ይረከበው ነበር። ቢሮ የሚያቆመው እንዲህ በሕይወት እያለ መንገድ ያጣ ጌትዌይ (ከቪላኑ መውጫ በር) ነው።

ስለዚህ አፕሊንኩን እንዲከታተል እናዘዋለን። ትራክ የሚባለው ይኼ ነው። መስመሩ ሲወድቅ ስዊቹ ራሱ ፕራዮሪቲውን፣ ማን ተረኛ እንደሚሆን የሚወስነውን ቁጥር፣ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ቁጥሩን አስተውል። ስዊች አንድ 110፣ ስዊች ሁለት ነባሪውን 100 ይዘዋል እንበል። ትራኩ በነባሪ የሚቀንሰው 10 ነው። ከ110 ላይ 10 ሲነሳ 100፤ እኩል ሆኑ ማለት ነው። በእኩል ቁጥር ላይ ተማምኖ ማደር አይገባም። 20 አድርገው። ያኔ ወደ 90 ይወርዳል፤ ማን እንደሚበልጥ ግልጽ ይሆናል።

ይህን ብቻ ብታደርግ ግን አሁንም አይዞርልህም። ምክንያቱን ጥያቄህ ውስጥ አንተው ጽፈኸዋል፤ ፕሪኤምፕት ያለው የመጀመሪያው ስዊች ላይ ብቻ ነው። የብዙ ሰው እግር የሚያዳልጠው እዚህ ነው። ፕሪኤምፕት ማለት «ከተረኛው የበለጠ ቁጥር ከያዝኩ ተራውን ልውሰድ» የሚል ፈቃድ ነው። በኤችኤስአርፒ በነባሪ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ስዊች አንድ ወደ 90 ሲወርድ ተራውን መውሰድ ያለበት ማን ነው? ስዊች ሁለት። ፈቃዱ ከሌለው 100 ይዞ፣ 90 የያዘውን ተረኛ እያየ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሁለቱም ላይ አስገባ።

ለቪላን 10 ስዊች አንድ ላይ እንዲህ ይሆናል። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የጻፍኳቸው።

ኢንተርፌስ ቪላን 10
አይፒ አድረስ 10.10.10.2 255.255.255.0
ስታንድባይ ቨርዥን 2
ስታንድባይ 10 አይፒ 10.10.10.1
ስታንድባይ 10 ፕራዮሪቲ 110
ስታንድባይ 10 ፕሪኤምፕት ዲሌይ ሚኒመም 180
ስታንድባይ 10 ትራክ 3 ዲክሪመንት 20

ስዊች ሁለት ላይ አድራሻው 10.10.10.3 ይሆናል። ቨርቹዋል አይፒው፣ ሁለቱ የሚጋሩት የጌትዌይ አድራሻ፣ ያው 10.10.10.1 ነው። ፕራዮሪቲውን አትንካው፤ ፕሪኤምፕት ግን ያለ ዲሌይ አስገባ። ቨርዥኑ ሁለቱም ላይ አንድ መሆን አለበት። ቨርዥን 1 በ224.0.0.2፣ ቨርዥን 2 በ224.0.0.102 ነው የሚያወራው። አንዱ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ከሆነ አይሰማሙም፤ ሁለቱም «ተረኛ ነኝ» ይላሉ። ቨርዥን 2ን የምመርጠው የግሩፕ ቁጥር እስከ 4095 ስለሚፈቅድ ነው። የቪላኑን ቁጥር ለግሩፑ ትሰጠዋለህ። ሌሊት ስልክ ተደውሎልህ ስትነሳ ማሰብ አይኖርብህም።

አንድ ምክር እግረ መንገድ። ኤችኤስአርፒ ከመግባቱ በፊት ኮምፒውተሮቹ እንደ ጌትዌይ የሚያውቁት አድራሻ የትኛው ነበር? እሱን ቨርቹዋል አይፒ አድርገው። ለስዊቾቹ አዲስ ቁጥር ስጣቸው። በእጅ አድራሻ የተሞላላቸው ፕሪንተሮችና ካሜራዎች አሉ። እነሱን አንድ በአንድ ማሳደድ ስንት ቀን እንደሚበላ የሠራ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ትራኩ ምን ይከታተል? ቀላሉ መልስ «ፖርቱን» ነው። ፖርቱ ሲወርድ ቁጥሩ ይቀንሳል። እኛ አገር ብዙ ቢሮዎች ላይ ግን ይህ አይበቃም። ፋይበሩ ግድግዳው ላይ ካለው ሳጥን ወጥቶ ሚዲያ ኮንቨርተር ውስጥ ይገባል። ከኮንቨርተሩ በተራ የኔትወርክ ኬብል ወደ ስዊቹ ይመጣል። መንገድ ሲቆፈር ፋይበሩ ተቆረጠ እንበል። ኮንቨርተሩ ላይ የፋይበሩ መብራት ይጠፋል። ብዙዎቹ ኮንቨርተሮች ላይ ግን ወደ ስዊቹ ያለው ኬብል መብራቱ እንደበራ ነው። ስዊቹ ፖርቱን ሲያይ አረንጓዴ ነው። «መስመሬ ደህና ነው» ይላል፤ ቢሮው ቆሟል።

ስለዚህ በፖርቱ መብራት ሳይሆን በፒንግ ማረጋገጥ አለብን። ሲስኮ ላይ አይፒ ኤስኤልኤ ይባላል። ስዊቹ በየጥቂት ሰከንዱ ወደ ውጭ ፒንግ ይልካል፤ መልስ ከጠፋ ትራኩ ይወድቃል። አንድ አድራሻ ብቻ አትስጠው። ያ አድራሻ በራሱ ምክንያት ዝም ቢል ያለ ጥፋትህ ጌትዌይህ ይዞራል። ሁለት የተለያዩ አድራሻዎች ስጥና ሁለቱም ሲጠፉ ብቻ እንዲወድቅ አድርገው። ይህ የሚሆነው በትራክ ሊስት ቡሊያን ኦር ነው። ከላይ ትራክ 3 ያልኩት ይህንን ነው፤ 1 እና 2 ሁለቱ ፒንጎች ናቸው። ለትራክ 3 ደግሞ ሲወድቅ 10 ሰከንድ፣ ሲነሳ 60 ሰከንድ እንዲታገሥ ዲሌይ ስጠው። መስመሩ ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ጌትዌዩ አብሮ እንዳይወዛወዝ።

እዚህ ውስጥ አንድ ወጥመድ አለ። ፒንጉ በየትኛው መንገድ ነው የሚወጣው? የስዊች አንድ መስመር ተቆረጠ። በሁለቱ ስዊቾች መካከል ራውቲንግ ካለ፣ የስዊች አንድ ፒንግ በስዊች ሁለት በኩል ዞሮ ይወጣል፤ መልስም ያገኛል። ትራኩ «መስመሩ ተመለሰ» ብሎ ያምናል። ጌትዌዩ ወደ ሞተው መስመር ይመለሳል። ከዚያ እንደገና ይወድቃል። ለነዚያ ሁለት የፒንግ አድራሻዎች በራሱ አፕሊንክ በኩል ብቻ የሚሄድ ስታቲክ ራውት (በእጅ የሚጻፍ መንገድ) ጻፍላቸው። ፖርቱ ራሱ ከወረደ ግን ያ ራውት ይጠፋል። ስለዚህ ሁለተኛ ራውት ወደ ነል 0 (ፓኬቱ የሚጣልበት ባዶ ቦታ)፣ የመጀመሪያው ሲጠፋ ብቻ እንዲሠራ በዲስታንስ 250፣ ከሥሩ አስቀምጥ። ያኔ ፒንጉ ወይ በራሱ መስመር ይወጣል ወይ ይሞታል። ሌላ መንገድ አይኖረውም።

እንግዲህ ሥራ ማካፈሉ። ዘዴው ቀላል ነው፤ አንዱ ስዊች ለአንዳንዶቹ ቪላኖች ተረኛ፣ ሌላው ለቀሩት ተረኛ ይሆናል። ለሚመራው ቪላን 110 ከነትራኩና ከነዲሌዩ፤ ለማይመራው ነባሪው 100 ከዲሌይ አልባ ፕሪኤምፕት ጋር። አከፋፈሉ ላይ ግን ተጠንቀቅ። አራት ቪላን ስላለህ ሁለት ለሁለት ብትከፍል ሥራው ተካፈለ ማለት አይደለም። ካሜራዎቹንና ቀረጻውን የሚያስቀምጠውን ሳጥን ተመልከት። ሁለቱም ቪላን 30 ውስጥ ከሆኑ ያ ሁሉ ቪዲዮ ጌትዌዩን አያልፍም፤ እዚያው ቪላኑ ውስጥ ይዞራል። ለጌትዌይ ክፍፍል ሲታሰብ የካሜራው ክብደት ከምንም አይቆጠርም። በአንተ ቢሮ ክብደት ያላቸው ሠራተኛውና የእንግዳው ዋይፋይ ናቸው። እኔ ብሆን 10ን እና 20ን ለስዊች አንድ፣ 30ን እና 40ን ለስዊች ሁለት እሰጥ ነበር። ከዚያ አንድ ሳምንት የሁለቱን አፕሊንክ መጠን አይቼ አስተካክላለሁ።

የሁለቱም መስመር ከግማሽ በላይ አዘውትሮ ከተሞላ ግን ችግር አለ። አንዱ 70 ከመቶ፣ ሌላውም 70 ከመቶ ከተያዘ፣ አንዱ ሲወድቅ የተረፈው 140 ይመጣበታል። ያኔ መጀመሪያ ማን እንደሚቀነስ አስቀድመህ ወስን። የእንግዳው ዋይፋይ ላይ ገደብ ማድረግ ቀላሉ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳው ስፓኒንግ ትሪ፤ ኬብሎቹ ቀለበት እንዳይሠሩ ትርፉን የሚዘጋው ነው። ሩት የሚባለው መንገዱ ሁሉ የሚለካበት ዋናው ስዊች ነው። የቪላን 40 ጌትዌይ ስዊች ሁለት ሆነ፤ የቪላን 40 ሩት ግን ስዊች አንድ ነው እንበል። አክሰስ ስዊቹ ወደ ስዊች ሁለት የሚሄደውን ኬብሉን ዘግቶታል። የእንግዳው ፓኬት ወደ ስዊች አንድ ይወጣል፣ በመካከላቸው ባለው ትራንክ (ብዙ ቪላን በሚያሳልፈው ኬብል) ይሻገራል፣ ከዚያ ስዊች ሁለት ይደርሳል። ይሠራል። ማንም አያማርርም። ግን ትራፊኩ ሁሉ በስዊች አንድ ላይ እየተረማመደ ነው፤ አካፈልኩ ያልከው ሥራ አልተካፈለም። ስለዚህ ሩቱን ከተረኛው ጋር አንድ አድርገው። የስፓኒንግ ትሪው ፕራዮሪቲ (እዚህ የሚያሸንፈው ትንሹ ቁጥር ነው) እንዲህ ይሁን፤ ስዊች አንድ ለ10 እና ለ20 በ4096፣ ለ30 እና ለ40 በ8192። ስዊች ሁለት ላይ ቁጥሮቹን ገልብጥ።

ሥራ ማካፈል የሚያመጣው አንድ ድብቅ በሽታም አለ። የጥበቃ ኃላፊው ኮምፒውተር ቪላን 20 ውስጥ ነው። ካሜራ ሲያይ ጥያቄው ወደ ስዊች አንድ ይሄዳል፤ ስዊች አንድ ቪላን 30 ውስጥም እግር ስላለው በቀጥታ ለቀረጻው ሳጥን ያስረክባል። ሳጥኑ ግን መልሱን የሚልከው ለራሱ ጌትዌይ፣ ለስዊች ሁለት ነው። ስዊች ሁለትም በቀጥታ ወደ ቪላን 20 ያወጣዋል። መሄጃውና መመለሻው ተለያዩ። ስዊች ሁለት የኃላፊውን ኮምፒውተር ማክ አድራሻ በአርፕ (አይፒን ከማክ ጋር በሚያያይዘው መዝገብ) ያውቃል፤ የአርፕ ትውስታው በነባሪ 4 ሰዓት ነው። የማክ ቴብሉ (የትኛው ማክ በየትኛው ፖርት እንዳለ የሚይዘው) ግን በ5 ደቂቃ ይረሳል። ከኮምፒውተሩ ወደ እሱ የሚመጣ ነገር ስለሌለ በየትኛው ፖርት እንዳለ ይጠፋበታል። ሲጠፋበት ቪዲዮውን ለቪላን 20 ፖርቶች ሁሉ ይበትነዋል። ከስዊች ሁለት የሚመጣው ኬብል ያልተዘጋበት አክሰስ ስዊች ፊት ብትቆም የፖርቶቹ መብራት ሁሉ አብሮ ሲርገበገብ ታያለህ። ሠራተኛው «ኔትወርኩ ከብዷል» ይልሃል፤ ስትሄድ ደግሞ ደህና ሆኖ ይጠብቅሃል። መድኃኒቱ የአርፑን ዕድሜ ከ5 ደቂቃ በታች ማውረድ ነው። ሁለቱም ስዊቾች ላይ፣ በየቪላኑ ኢንተርፌስ ሥር፣ አርፕ ታይምአውት 270 በል። አርፑ በታደሰ ቁጥር ማኩም አብሮ ይታደሳል።

ፕሪኤምፕት ላይ 180 ሰከንድ ዲሌይ ያደረግኩት በመብራት ምክንያት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ስዊች አንድ ይነሳል። የቪላን ኢንተርፌሱ ቀድሞ ይነሳል፤ ራውቲንጉና ፒንጎቹ ገና አልተረጋጉም። ዲሌይ ከሌለ በዚያች ደቂቃ ተራውን ይነጥቅና ፓኬት መጣል ይጀምራል። ደህና እየሠራ ከነበረ ስዊች ቀምቶ ማለት ነው። 3 ደቂቃ ይታገሥ።

ስለ መብራት ካነሳሁ፣ የሁለቱን ስዊቾች የኃይል ኬብል በእጅህ ይዘህ እስከ መጨረሻው ተከተለው። እኔ አንድ ቢሮ ውስጥ ሁለት ኮር፣ ሁለት ዩፒኤስ ሠርቼ በኩራት ወጣሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ጠሩኝ። ሁለቱም ዩፒኤሶች ከራኩ ጀርባ አንድ ኤክስቴንሽን ላይ ተሰክተው ነበር። የኤክስቴንሽኑ ማብሪያ ተነክቶ ጠፍቷል፤ ባትሪዎቹ የቻሉትን ያህል ቆይተው ሁለቱም ስዊቾች አብረው ወደቁ። ከዚያ ወዲህ ራኩን ከኋላ ሳላይ ሥራ አልረከብም።

በሁለቱ ስዊቾች መካከል ያለውን ትራንክም በሁለት ኬብል፣ እንደ አንድ በሚያጣምራቸው ኢተርቻነል አድርገው። አራቱም ቪላኖች እንዲያልፉ መፈቀዳቸውን አረጋግጥ። አንዱ ቪላን በመካከላቸውም ሆነ በአክሰስ ስዊቾቹ በኩል መሻገሪያ ካጣ «አለሁ» የሚለው ድምፅ አይደርስም። ሁለቱም ተረኛ ይሆናሉ። ተረኛው ስዊች ላይ ሾው ስታንድባይ ብሪፍ ስትል የስታንድባይ ቦታ ላይ የሌላው አድራሻ መታየት አለበት። «አንኖውን» የሚል ካየህ አይሰማሙም ማለት ነው፤ ትራንኩን ፈትሽ።

ሦስት ነገር ቶሎ ቶሎ ልበል። ለኮምፒውተሮቹ አድራሻ የሚያድለው የዲኤችሲፒ ሰርቨር ስዊች አንድ ላይ ብቻ ከሆነ፣ እሱ ሲጠፋ አዲስ የሚገባ ሰው አድራሻ አያገኝም፤ ለብቻው ሰርቨር ላይ አውጣውና ሁለቱም ስዊቾች ላይ ጥያቄውን ወደ ሰርቨሩ የሚያሻግረውን ሄልፐር አድረስ አስገባ። ኤችኤስአርፒው ላይ የኤምዲ5 ቁልፍ አድርግ፤ በተለይ የእንግዳው ቪላን ላይ፣ ማንም ላፕቶፕ ይዞ ገብቶ ፕራዮሪቲ 255 ብሎ ጌትዌይ ነኝ እንዳይል። ሁለቱ መስመሮች የተለያየ የውጭ አድራሻ ካላቸው ደግሞ፣ ጌትዌዩ ሲዞር የተጀመረ የቪዲዮ ስብሰባ ወይም ቪፒኤን ይቋረጣል፤ እንደገና መግባት አለባቸው። ይህን ለአለቆችህ ቀድመህ ንገራቸው።

አንዱ ስዊች ሲስኮ፣ ሌላው ሁዋዌ ወይም ሌላ ብራንድ ከሆነ ኤችኤስአርፒ አይሆንም። እሱ የሲስኮ ነው። ለሁሉም የሚሠራው ቪአርአርፒ ነው። ሐሳቡ ያው ነው፤ ነባሪዎቹ ይለያያሉ። «አለሁ» የሚለው በየ1 ሰከንዱ ነው፤ በ100 ፕራዮሪቲ የሚረከበው ወደ 3.6 ሰከንድ ገደማ ሲሞላ ነው። ፕሪኤምፕቱም በርቶ ነው የሚመጣው። ጂኤልቢፒ የሚባለውም አለ፤ አንድ ቪላንን ራሱን እስከ አራት ጌትዌይ ያካፍላል። ግን የሲስኮ ብቻ ነው፣ በሁሉም ስዊች ላይ አይገኝም፣ ከስፓኒንግ ትሪው ጋርም ይጋጫል። ለአንተ ቢሮ አልመክረውም።

የኤችኤስአርፒውን ሰዓት ማፍጠን ከፈለግክ «አለሁ» በየ1 ሰከንዱ፣ መጠበቂያው 3 ሰከንድ ቢሆን በቂ ነው። ወደ ሚሊሰከንድ አትውረድ። ስዊቹ ለአፍታ ሥራ ሲበዛበት «አለሁ» ማለት ይዘገያል፤ ሌላው ያለ ምክንያት ይረከባል።

ከሥራ ሰዓት በኋላ ፈትነው። ከቪላን 20 አንድ ላፕቶፕ፣ ከቪላን 40 አንድ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ያለማቋረጥ ፒንግ ያድርጉ። ኢንተርፌሱን በሻትዳውን ዘግተህ «ወዲያው ዞረ» ብለህ እንዳትደሰት። በሻትዳውን ሲዘጋ ተረኛው «ለቅቄያለሁ» ብሎ ስለሚሰናበት ሌላው 10 ሰከንድ ሳይጠብቅ ይረከባል። መብራት ሲጠፋ የሚሰናበት የለም። ስለዚህ የኃይል ኬብሉን ንቀል። የጠፉትን ፒንጎች ቁጠር። መልሰህ ሰካ፤ ተነስቶ ተራውን ሲመልስ ፒንግ መጣል የለበትም፤ ቢጥል አንድ ሁለት ነው። ቀጥሎ ከሚዲያ ኮንቨርተሩ ፋይበሩን ብቻ አውጣ፤ የስዊቹን ኬብል አትንካ። አሁን ቢሮህን የሚያቆመው ብልሽት እሱ ነው። ፒንጎቹ የሚፈጁት ጊዜና የትራኩ 10 ሰከንድ አልፎ ቪላን 20 በስዊች ሁለት በኩል መውጣት ከጀመረ ሠርቷል። ካልዞረ የሾው ትራክንና የሾው ስታንድባይ ብሪፍን ውጤት ከሁለቱም ስዊቾች ላክልኝ፤ አብረን እናየዋለን።